ከጋያ እስከ ኮይል፤ የአራዳ ጭስ አጭር ታሪክ

ባለፈው ሰሞን ከተረፉት የፒያሳ ካፌዎች በአንዱ ተሰብስበን ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። ከመካከላችን አንዱ (ስሙን ለእናቱ ስንል አንጠራም) ከኪሱ ወፈር ያለ የብረት ዘንግ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቬፕ ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ። ያውም ሲያልቅ የሚጣለው ዓይነት ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ ሽቦ እየጠቀለለ፣ ጥጥ እየቀየረ የሚያድሰው። «ኮይሉን የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ዜሮ ነጥብ ሁለት ኦም!» አለን ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ሌላው ጓደኛችን አባቱ ስቶቭና ምጣድ ጠጋኝ ናቸው። ሶፍት ላይ ሁለት መስመር ስሌት ሞነጫጨረና፣ «አንተ፣ ይሄ ነገር እኮ ከእናትህ ምጣድ የበለጠ አምፔር ይስባል!» አለው። ሳቅን። ስሌቱን ደግመን ስናየው ግን ሳቁ ቆመ። ወሬው ከሽቦ ተነስቶ ታሪክ ውስጥ ገባና እዚያው አመሸን። ይህች ጽሑፍ የዚያ ምሽት ውጤት ናት።

በመጀመሪያ ስሌቱ

የኦምን ሕግ ያልረሳችሁ አብራችሁን አስሉ። ቮልቱን ለኦሙ ማካፈል ነው። ሙሉ የተሞላ አንድ የሊቲየም ባትሪ 4.2 ቮልት አለው። 4.2 ለ0.2 ሲካፈል 21 አምፔር ይመጣል። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ገደማ ነው፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር አይሞላም። እርግጥ ነው፣ በጉልበት ምጣዱን የሚያህለው የለም፤ የቬፑ 88 ዋት ገደማ ቢሆን ነው። ነገር ግን ምጣዱ ከወፍራም ገመድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሲበዛበትም ቆጣሪው ጋ ያለው ማቋረጫ ይወድቃል። ቬፑ ግን ያን ሁሉ አምፔር የሚጠይቀው አውራ ጣት ከምታክል ባትሪ ነው። በዚያ መጠን ከሚሠሩት ውስጥ ጥሩ የሚባሉት ብዙዎቹ ባትሪዎች ያለማቋረጥ መስጠት የሚችሉት ከ20 እስከ 30 አምፔር ነው። ተራውና ፎርጂዱ ከዚያ በብዙ ያነሰ ይችላል። ቀላሉ የብረት ዘንግ ቬፕ ደግሞ ማቋረጫ የሚባል ነገር በውስጡ የለም።

ታዲያ ለምን ኦሙን ዝቅ ያደርጉታል? ለዳመናው ነው። ሽቦው ሲያጥርና ሲወፍር፣ ወይም ሁለት ኮይል ጎን ለጎን ሲታሰር፣ ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን ይቀንሳል። ከባትሪው የሚወጣው ይበዛል፤ ሙቀቱም እንፋሎቱም እንዲሁ። በኮይሉ መሐል ያለፈው ጥጥ ፈሳሹን እየመጠጠ ያቀርባል። ከሥር ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ አየር ያስገባሉ። ቀዳዳው ሲሰፋ ኮይሉ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ለስላሳና ብዙ ይሆናል። ሲጠብ እንፋሎቱ ይሞቃል፣ ጣዕሙም ይጠነክራል። ሽቦው ከመጠን በላይ ግሎ ጥጡ ከደረቀ ግን የሚሳበው የተቃጠለ ጥጥና እንደ ፎርማልዴሃይድ ያለ መርዝ ነው።

ቅሉና ሸምበቆው

«አዲስ ቴክኖሎጂ» እያልን ስናደንቅ የቆየነው ይህ የአየርና የሙቀት ጨዋታ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ጋያን አስቡት። ከታች ውኃ የያዘ ቅል፣ ከላይ የሸክላ ራስ፣ መሐሉ ላይ ሸምበቆ። አጫሹ ሲስብ ቅሉ ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፤ የውጭው አየር በፍሙ በኩል ይገባል፤ ጭሱም በውኃው ውስጥ እየተንቦጫቦጨ ይወጣል። ሸምበቆው ከጠበበ መሳቡ ያደክማል፤ ራሱ ከላላ ፍሙ ቶሎ ያልቃል። ጋያ የሚሠራ ባለሙያ ኦም የሚባል ነገር ባይሰማም የአየርን ነገር ግን በእጁ ያውቀዋል።

የዚህ ዕቃ ዕድሜም የሚናቅ አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ካሉ ዋሻዎች በአንዱ ከተገኙ የሸክላ ራሶች ላይ የካናቢስ ምልክት መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ታትሟል። ዕድሜያቸው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ተገምቷል። ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ተነስቶ ወደ ሌላው ዓለም መጓዝ የጀመረው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በኋላ መሆኑን አትርሱ። ግምቱ ትክክል ከሆነ ቧንቧው ከትምባሆው ቀድሞ እዚህ ነበር ማለት ነው!

አፍንጫና ከንፈር

ትምባሆ ሲመጣ ቤተ ክህነት አልወደደችውም። ቤተ መንግሥትም እንዲሁ። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን በአዋጅ ከለከሉ። በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር። ከዚህ የከበደ የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ በዓለም ላይ ቢፈለግም ጥቂት ነው የሚገኘው።

ጭሱ ግን ከአዋጁ በላይ ኖረ። አፄ ምኒልክ ሲነግሡ ቅጣቱ ቀረ። አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ጊዮርጊስ አጠገብ የአራዳ ገበያ ደራ። በኋላ ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ አዛውሮ ለሰፈሩ የራሱን ስም ተወለት፤ ፒያሳ። እኛ የደረስንበት ፒያሳ ታዲያ ሱቅ በደረቴው ማስቲካና ከረሜላ ከሲጋራ ጋር ደርድሮ በየሲኒማው በር የሚዞርበት ነበር። ከዮሐንስ አዋጅ እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ መቶ ዓመት ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ከልካዩ ሲሸጥ

በመሐል ምን ሆነ? መንግሥት ራሱ ሻጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመ። ንጉሡ ወረዱ፤ ሞኖፖሉ አልወረደም። ደርግ መጣ፤ ሞኖፖሉ ቀጠለ። ኒያላን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? ኋላም ድርጅቱ ወደ ግል ሲዞር የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገ።

ከዚያ ሌላ አዋጅ መጣ፤ ቁጥር 1112/2011። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥ፣ በዝግ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስ፣ ማስታወቂያ፣ ሺሻ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ጭምር ተከለከሉ። ከሕዝብ ጤና አንጻር ጠንካራ ሕግ ነው፤ እኛም አንቃወመውም። የቬፕ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ ወጣት አንጎልን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በተነሳው የሳንባ ጉዳት እስከ ቀጣዩ ዓመት የካቲት ድረስ 68 ሰዎች ሞተዋል፤ በዋናነት ተጠያቂ የሆነውም ካናቢስ ባለባቸው የቬፕ ፈሳሾች ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎሪዳ፣ በ2019 በቴክሳስ ደግሞ ቬፕ ፈንድቶ ሰው ገድሏል።

ጭንቀታችን ሌላ ነው። ጓደኛችን ሕጉ መኖሩን ያውቃል፤ ባትሪው ስንት አምፔር እንደሚችል ግን አያውቅም። ዕቃው በድብቅ ስለሚገባ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት ይሁን ውሸት የሚነግረው የለም። ቤተሰቡን እንዳይጠይቅ ይፈራል። እኛንም የጠየቀን ለጉራ እንጂ ለምክር አልነበረም። አንድ ጊዜ ኪሱ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ተነካክቶ ጭኑን ሊያቃጥለው እንደነበረ ያወራን ያን ዕለት፣ ከስሌቱ በኋላ ነው።

የማይቀየረው ሰበብ

ታሪኩን ደርድረን ስናየው አንድ ነገር ታየን። ዕቃው ይቀየራል፤ ሰበቡ አይቀየርም። ባለ ጋያው «ውኃው ያጣራዋል» ይላል። ባለ ሲጋራው «ፊልተር አለው» ይላል። ባለ ቬፑ «እንፋሎት ብቻ ነው» ይላል። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዛል እንጂ መርዙን አያስቀርም። ፊልተሩ ሲጋራን ጤናማ አላደረገውም። እንፋሎት የተባለውም የውኃ እንፋሎት ሳይሆን የግሊሰሪንና የኒኮቲን ጉም ነው። ከሲጋራ ጭስ ያነሰ መርዝ ቢኖረውም ንጹሕ አየር አይደለም።

አዋጁም እንዲሁ ነው። አፍንጫ የቆረጠው ትምባሆን አላጠፋም፤ ምክንያቱም ለሰዉ ቅጣቱን እንጂ ጉዳቱን አላስተማረውም።

ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ሠራተኛ ሰፈር የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በምኒልክ ዘመን ከነበሩ የእጅ ባለሙያዎች ነው። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። እኛ ዛሬ ከሁለቱ አዋጆች መንፈስ የሁለተኛው ይበልጥ ይናፍቀናል፤ እጁ የሚሠራን ሰው አክብሮ የሚያነጋግረው። ሽቦ ጠቅልሎ ኦም የሚለካ ልጅ እጁ ሰነፍ አይደለም። የጎደለው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ አድርጎ የሚነግረው ሰው ነው።

የሆነው ሆኖ፣ የምጣድ ጠጋኙ ልጅ ጓደኛችንን ወደ አባቱ ሱቅ ወስዶታል። ቬፑን ትቷል ብለን አንዋሻችሁም። ባትሪውን ግን አውጥቶ ለአባትየው ሰጥቷል። ቅዳሜ ቅዳሜም ምጣድ መጠገን እየተማረ ነው። እስካሁን ሁለት ሠርቷል፤ አንዱ የእናቱ ነው።

እናንተስ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስንት አምፔር ይስባል?