የአባያ ሐይቅ ዳርቻ በአሮጌ ካርታዎች ሲታይ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አባቶች። እኛ በዲላ የምንማር ልጆች ባሕር የለንም፤ ወደ ባሕር ጠረፍ ለመድረስ የሌላ አገር ድንበር መሻገር ያስፈልገናል። ነገር ግን ከከተማችን በስተ ምዕራብ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆው ለወረደ እግረኛ፥ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ርቆ ታላቅ ውኃ ተኝቶ ይገኛል። ይኸውም የአባያ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 60፥ ወርዱም 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ምድር ይሸፍናል። ስለ ቡናችን ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ ዳርቻ ግን ከመካከላችን አጥርቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ፥ አሮጌ ካርታዎች ስለ ሐይቁ ዳርቻ ምን እንደሚነግሩንና ምን እንደሚሰውሩብን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በአውሮፓውያን ካርታ ላይ ይህ አገር ለብዙ ዘመን ባዶ ወረቀት ነበር። ባዶነቱ ግን የካርታው እንጂ የአገሩ አልነበረም። በሐይቁ ደሴት በጊዲቾ ላይ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ በታንኳ ይመላለሱ፥ ዓሣም ያጠምዱ ነበር። በምሥራቁ ዳገት ጌዴኦዎች እንሰትና ቡና ሲያለሙ፥ በቆላው ደግሞ ጉጂዎች ከብቶቻቸውን ያሰማሩ ነበር። ለነዚህ ሁሉ እያንዳንዱ ወንዝና ጉብታ ስም ነበረው።

ኢጣልያዊው መስፍን ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር በ1886 ዓ.ም. ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ነገሮች መካከል ሳይንስ የማያውቀው አንድ የቱራኮ ወገን ወፍ ተገኘ፤ ነገር ግን የት እንደ ተያዘ የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረም። ወፉ በሩስፖሊ ስም ተጠራ፤ አገሩ የት እንደ ሆነ ግን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሳይታወቅ ቀረ። ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ቦታው ያልተጻፈለት እውቀት ግማሽ እውቀት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ካፒቴን ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። በኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ተልኮ፥ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ከብራቫ ተነሣ። ከጓደኞቹ አንዱ ላምቤርቶ ቫኑቴሊ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በዚያ ዘመን መንገደኛ ካርታ የሚሠራው የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ በመሣሪያ እየለካ፥ የተጓዘበትንም ሰዓት እየቆጠረ ነው። ቡድኑ አባያ ዳር የደረሰው ከዓድዋ ድል ጥቂት ወራት በኋላ ነበር። ቦቴጎም ሐይቁን በኢጣልያ ንግሥት ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። በመጋቢት 1889 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ በተደረገ ግጭት ቦቴጎ ሞተ። ቫኑቴሊና ጓደኛው ካርሎ ቺቴርኒ ተማርከው፥ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የጉዞውንም ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። በዚህ ዓይነት አንዲት ንግሥት ዓይታው የማታውቀው ውኃ በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለብዙ ዓመታት በስሟ ሲጠራ ኖረ። የዳርቻው ሰው ግን ስሙን አልለወጠም፤ ዛሬም ስሙ አባያ ነው።

የስም ነገር በሐይቁ ብቻ አያበቃም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ካርታ ላይ አገራችንን የሚፈልግ ሰው «ጌዴኦ» የሚል ጽሑፍ አያገኝም፤ የሚያገኘው «ደራሳ» የሚል ነው። ይህ ሌሎች ለሕዝቡ ያወጡት ስም ሲሆን፥ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ጌዴኦ ብሎ ነው። እንግዲህ ካርታ የመሬቱን መልክ ብቻ ሳይሆን፥ ጠያቂው ማን እንደ ነበረና መልሱን ከማን እንደ ሰማ ጭምር ይመሰክራል።

በኋላ የካርታና ጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት በአገራችን ተቋቋመ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከአሜሪካ የካርታ ሥራ ቡድን ጋር በመተባበር አገሪቱ ከአየር ላይ ፎቶግራፍ ተነሣች፤ በምድርም ተለካች። ከዚህና ከዚህ በኋላ ከተደረገው ሥራ 1 ለ 50,000 የሚባሉት ካርታዎች ወጡ። በነዚህ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር በምድር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ቅጠል በየጎኑ 27 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል አገር ይይዛል። ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች በየ20 ሜትሩ የተሠመሩ ናቸው፤ ሲቀራረቡ ገደል፥ ሲራራቁ ሜዳ ማለት ነው። ዲላ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ሐይቁ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጣቱን ከዲላ ወደ ምዕራብ የሚያንሸራትት ተማሪ ከ15 የማያንሱ መስመሮች ይሻገራል። በሰሜን ምሥራቅ የጊዳቦን፥ በደቡብ ምሥራቅ የገላናን ወንዝ ተከትሎ ቢወርድ ደግሞ ሁለቱም ወደ ሐይቁ ያደርሱታል። ከመቀመጫው ሳይነሣ ጉዞውን አሰበ ማለት ነው።

ነገር ግን ዳርቻው እንደ ተሣለ አይቆይም። አባያ አንድ ዘመን ይሞላል፥ አንድ ዘመን ይጎድላል፤ በጣም ሲሞላም ወደ ጫሞ ሐይቅ ይፈስሳል። ወንዞቹ ከደጋው የሚያመጡት ደለል ውኃውን ቀይ ቡናማ አድርጎታል፤ ወንዞቹ በሚገቡበትም ስፍራ አዲስ መሬት ይሠራል። ስለዚህ አሮጌው ካርታ «ተሳስቷል» ተብሎ የሚጣል አይደለም። ፎቶግራፉ በተነሣበት ዓመት ውኃው የት ድረስ እንደ ነበረ የሚመሰክር ሰነድ እርሱ ነው። አሮጌውን ቅጠል ከዛሬ የሳተላይት ምስል ጋር የሚያስተያይ ሰው፥ ስንት እርሻ በውኃ እንደ ተያዘና ስንት አፈር ከዳገታችን እንደ ታጠበ መመርመር ይችላል። ይህን ሲያደርግ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሮጌዎቹ ካርታዎች የተለኩት በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ ካለው ከአዲንዳን ነጥብ ተነሥቶ ስለ ሆነ፥ የዛሬው ጂፒኤስ ከሚሰጠው ቦታ ከ100 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ይህን ሳያርም የሚያስተያይ፥ ውኃው ሳይንቀሳቀስ ተንቀሳቀሰ ይላል።

ሌላም ጉድለት አለ። ከአየር ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ የዛፉን ጫፍ እንጂ ከሥሩ ያለውን አያይም። በጌዴኦ ደግሞ ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር፥ እንሰቱ ከቤቱ ዙሪያ ነው። የዓለም ቅርስ ተብሎ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ የአባቶቻችን ጥበብ፥ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ጫካ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን በየዛፉ ሥር ባለቤትና ታሪክ አለ።

ይህን ጉድለት የሚሞላው ማን ነው? በሶንጎ ተቀምጠው የሚመክሩት የጌዴኦ ሽማግሌዎች፥ በቆላውም የጉጂ አባቶች፥ በደሴቱም ታንኳ ቀዛፊዎቹ ናቸው። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለምን? አንዱ ወንዝ በአንዱ ቋንቋ አንድ ስም፥ በሌላው ሌላ ስም ቢኖረው ሁለቱም መጻፍ አለባቸው፤ አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው ቦቴጎ ያደረገውን መድገም ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን፥ ለመምህራንና ለወላጆች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ተጠቅልለው አቧራ የለበሱ አሮጌ ካርታዎች ካሉ አይጣሉ፤ ወደ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ይምጡ። ተማሪዎችም በዕረፍት ጊዜ ወደ መንደራቸው ሲሄዱ የየአካባቢያቸውን ቅጠል ግልባጭ ይዘው፥ ያልተጻፈውን ስም ከሽማግሌ አፍ ይጻፉ፤ የነገራቸውን ሰው ቋንቋና የሰሙበትን ቀን ጭምር ያስፍሩ። ወረቀቱ ቢቀደድ ቅጂ ሊገኝለት ይችላል፤ ሽማግሌው ካለፈ በኋላ ግን የሚያውቀውን ስም ከማን እንጠይቃለን?