የእንዝርት ውለታ

በበዓል ቀን ነጭ ለብሶ የሚወጣውን ሕዝብ ስንመለከት ዓይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በጥለቱ ላይ ነው። ጥለቱን የጣለውን ሸማኔ አንዳንድ ጊዜ እናስበዋለን፤ ማጉን የፈተለችውን ሴት ግን የሚያስባት ጥቂት ሰው ነው። ነገር ግን ሸማ ከመሠራቱ በፊት ክር መሆን አለበት፤ ክሩም ከመከረሩ በፊት በአንዲት ሴት ጣቶች መካከል ማለፍ አለበት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የፈትልን ሥራና ታሪኩን ባጭሩ ልናወሳ አስበናል። ከዚህም ጋር አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም ያው አንዱ ክር በፈታይዋ እጅ ሳለ ክብር፣ በሸማኔው እጅ በገባ ጊዜ ግን ስድብ የሆነው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው።

አስቀድመን ሥራውን እንግለጽ። ጥጡ ከተለቀመ በኋላ ከፍሬው መለየት ይገባዋል። ፈታይዋ ጥጡን በለሰለሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ መዳመጫ በሚባለው ቀጭን ብረት ስትዳምጠው፣ ፍሬው ወደ ፊት እየተገፋ ይወጣል፤ ጥጡም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት በተመታ ቍጥር የታመቀው ጥጥ እየተፍታታ ይሳሳል፤ ይህም ባዘቶ ይባላል። ፈታይዋ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ፣ እንዝርቱን በቀኝ መዳፏ ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች። እንዝርቱ ሲሾር ባዘቶው እየተሳበ ይከራል፤ የከረረውም በእንዝርቱ ላይ ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል።

ይህ ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ለሠራው ግን ቀላል አይደለም። ክሩ ከመጠን በላይ ቢቀጥን ይበጠሳል፤ ቢወፍር ሸማው ይሻክራል፤ አንዱ ስፍራ ቀጥኖ አንዱ ስፍራ ቢያብጥ ደግሞ ጕድለቱ ሸማው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በፀሓይ ላይ ይታያል። ለድር የሚሆነው ጠንክሮ ይከራል፤ ለማግ የሚሆነው ለስለስ ብሎ ይፈተላል። ለጋቢና ለቡሉኮ ወፈር ያለው ይበቃል፤ ለነጠላና ለኩታ ግን የቀጭን ፈታይ እጅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚለካ መሣሪያ የለም፤ ሚዛኑ የጣት ጫፍ ነው። ስለዚህ ፈትል የእጅ ሥራ ብቻ ሳይሆን ጥበብ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። ነገር ሲወሳሰብ «ውሉ ጠፋ» እንላለን፤ ውል የተጠቀለለ ክር የሚያዝበትና የሚፈታበት ጫፍ ነውና። ሁለት ነገሮች በማይለያዩበት ሁኔታ ሲዋሐዱ «ድርና ማግ ሆኑ» እንላለን። ስለ ኅብረትም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን እንመክራለን። እንዝርት ያልነካ ሰው እንኳ ሲናገር በፈታይ ቃል ይናገራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በመጀመሪያው መቶ ዓመተ ምሕረት ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ የጻፈው ስሙ ያልታወቀ የግሪክ መርከበኛ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከህንድ የሚመጣውን የጥጥ ጨርቅ ይቈጥራል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ንጉሥ ዒዛናም በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው የግእዝ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ የጠላትን የእህልና የጥጥ መዛግብት እንዳጠፋ ይናገራል። ጥጥ ከእህል ጋር አብሮ የሚከማችና በጦርነት ጊዜ የሚጠፋ ሀብት እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። እነዚህ ሁለት ምስክሮች በአክሱም ቤቶች ውስጥ እንዝርት ይሾር ነበር ብለው አይነግሩንም፤ ነገር ግን የጥጥ ዋጋ በዚያ ዘመን በዚህ አካባቢ ታውቆ እንደ ነበረ ያስረዳሉ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1520 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ የጎጃም ግብር ሲገባ ያየውን ጽፎልናል። 3000 በቅሎ፣ 3000 ፈረስ፣ ለመኝታ የሚሆን 3000 ወፍራም ልብስ፣ ከዚህም ጋር እጅግ ብዙ የጥጥ ሸማ ከወርቁ ፊት ይጓዝ ነበር። በቅሎውንና ፈረሱን የሚያረባ ሰው አለው፤ ወርቁንም ከአሸዋ የሚያጥብ ሰው አለው። ያን ሁሉ ሸማ ማን ፈተለው? ብለን ብንጠይቅ ግን ጸሓፊው አይመልስልንም። መልሱ በየጎጆው ነበር።

በ1769 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ይነግረናል። በዐድዋ የሚሠራው ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በመላው አገር በብር ምትክ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር እንደ ነበረ ጽፏል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ገንዘብ የሚመታበት ቤት ባልነበረበት አገር፣ ከገንዘቡ አንዱ ክፍል በሴቶች ጭን ላይ ይፈተል ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥያቄያችን እንመጣለን። ፈትል የገበሬ ሚስትም የባላባት እመቤትም ሥራ ነበር። እመቤቲቱ በደንገጡሮቿ መካከል ተቀምጣ እንዝርት ብታሾር ክብሯ አይቀነስም፤ ይልቁንም ባለሙያ ትባል ነበር። እመቤታችን መልአኩ ባበሠራት ጊዜ ለቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ ትፈትል ነበር የሚለው ትውፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም እንዝርት ይዛ መታየቷ፣ ለሥራው ከፍ ያለ ማዕርግ ሰጥቶታል። ያው ልቃቂት ከደጃፍ ወጥቶ ወደ ሸማኔው ጕድጓድ ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር።

ምክንያቱ ከክሩ ሳይሆን ከመሬቱ የመጣ ይመስለናል። ፈታይዋ ርስት ባለው ቤት ውስጥ፣ ለቤተ ሰቧ የምትሠራ ነበረች። ሽመናን ለኑሮው የያዘው ግን ብዙ ጊዜ ርስት የሌለው ወይም ርስቱን የተነጠቀ ሰው ነበር። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤልና እስላሞች በዚህ ሥራ የታወቁት ስለዚህ ነው። መሬት የክብር ሁሉ መለኪያ በሆነበት አገር፣ በእጁ ሥራ ብቻ የሚያድረው ሰው ይናቃል። ልብሱን ለብሶ የሠራውን መስደብ ግን ከቶ እንዴት ያለ ፍርድ ነው?

ዐፄ ምኒልክ ይህን ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው የሚሰድበውን ሰው ገሠጹ፤ ሠራተኛን መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ እንዲቈጠር አደረጉ። ዐዋጁ ልማዱን ባንድ ቀን አላጠፋውም፤ ሆኖም ስድቡ ነውር መሆኑ በንጉሥ ቃል ተነገረ። ፈታይዋ ተሰድባ አታውቅምና የሚታደጋት ዐዋጅ አላስፈለጋትም። ነገር ግን የእርስዋም በደል ሌላ ነው። ሸማኔው ከስድቡ ጋር ዋጋውን ይቀበል ነበር፤ እርስዋ ከምስጋናው ጋር ምንም አትቀበልም ነበር። ክብሯ ራሱ ድካሟን ያለ ዋጋ አስቀረው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከአሜሪካ በምፅዋ በኩል የሚገባው አቡጀዲ ገበያውን ያዘ። ቀጥሎም በመኪና የተፈተለ ክር ከህንድ መጣ፤ በ1953 ዓ.ም. ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ። የመኪናው ክር ጠንካራና እኩል ስለ ሆነ ድሩን ከእንዝርት ወሰደው። ማጉ ግን እስከ ዛሬ ለእጅ ፈትል ቀርቶለታል፤ የሸማ ልስላሴና ሙቀት ያለው በእርሱ ነውና። በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ፣ ዛሬም ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ሸማም ብዙው ከዚህ ሙያ የወጣ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንለብሰው ሸማ በራሱ የታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ድሩ የመኪና፣ ማጉ የእጅ ሆኖ ሁለት ዘመን ባንድ ላይ ተሸምኖበታል።

እኛ መኪናውን አንነቅፍም፤ ብዙውን ሕዝብ ከብርድ የሸፈነ እርሱ ነው። የምንለው ሌላ ነው። ሸማ የምንገዛ ሁሉ የጥለቱን ዋጋ ስንከራከር የማጉንም ዋጋ እናስብ። በትምህርት ቤትም ልጆች ስለ ነገሥታቱ ዘመቻ ሲማሩ፣ ሠራዊቱን ያለበሰው እጅ የማን እንደ ሆነ ይነገራቸው። ቀጭን ፈታይ የሆነች አሮጊት ከአጠገባችን ካለች እንዝርቷ ሳያርፍ በፊት ከጎኗ ተቀምጠን እንይ፤ የጣት ጫፍ የሚያውቀውን ነገር መጽሐፍ ብቻውን ሊያስተምረው አይችልምና። ውሉ በእጃችን ሳለ ካልያዝነው፣ ከጠፋ በኋላ ልቃቂቱን ብናገላብጥ አናገኘውም።