ጌታቸው መኩሪያ እና «ዘ ኤክስ»፦ የይፋት ሽለላ በሮክ ጊታር

የመንዝ ደጋ በስተምሥራቅ በኩል በገደል ተቆርጦ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። በሠርግና በደቦ ሽለላና ፉከራ የሚሰማበት ይህ የሰሜን ሸዋ ምድር የሳክስፎን ተጫዋቹን ጌታቸው መኩሪያን አፍርቷል። አርቲስቱ መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም በይፋት ተወለዱ። በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ደግሞ «ዘ ኤክስ» ከተባለ የኔዘርላንድስ የሮክ ባንድ ጋር ተጣምረው የአገራቸውን የጀግና ዜማ በአውሮፓ መድረኮች አሰምተዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጌታቸው በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ይጫወቱ ነበር። በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ሥራ ጀመሩ፤ ሳክስፎንና ክላርኔትንም ያዙ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገሩ።

ስማቸውን ያስጠራው ግን የቅጥር ዘመናቸው ሳይሆን አንድ ሐሳብ ነው። ሽለላ የሰው ድምፅ ነው፤ ሸላዩ ድምፁን እየጎተተ፣ እያንቀጠቀጠ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ያወጣዋል። ጌታቸው ይህን ሁሉ ቃል በሌለው የናስ መሣሪያ ሊያወጡት ተነሡ። አንዳንድ የውጭ ጸሐፍት አጨዋወታቸውን ከአሜሪካ የ«ፍሪ ጃዝ» ሰዎች ጋር ያነጻጽሩታል፤ ይሁንና ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን የጀመሩት ያ ስልት በአሜሪካ ስም ከማግኘቱ በፊት ነው። ምንጩ አዲስ አበባ የደረሰ ሸክላ ሳይሆን የአገር ቤት ሸላይ ነበር። በመድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር ለብሰው ይታዩ ነበር።

«ዘ ኤክስ» በ1979 የተመሠረተ የፐንክ ባንድ ነው። ፐንክ ፈጣንና ሸካራ የሆነ የሮክ ዓይነት ሲሆን የጊታሩ ጩኸት ለጆሮ አይራራም። ባንዱ በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሙዚቃውን አቀረበ፤ በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ደግሞ ጌታቸውን ወደ አገሩ ጋበዘ። ከዚያ በኋላ ባንዱ አብሯቸው እንዲሠራ የጠየቁት ራሳቸው ጌታቸው ናቸው። ይህን ማስተዋል ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የውጭ ሰው መራጭ፣ የአገሬው ሰው ተመራጭ ተደርጎ ይወራልና።

በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘው አልበም ወጣ። ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር ጊታር፣ ካትሪና ቦርንፌልድ ድራም ተጫወቱ፤ ድምፃዊው ጂ. ደብሊው. ሶክ ነበር። ፈረንሳዊው ክላርኔት ተጫዋች ዣቪየ ሻርልን ጨምሮ ሌሎች የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾችም አጅበዋል። ሶክ በ2009 ባንዱን ሲለቅ አርኖልድ ደ ቡር ተተካ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሮክ በተቆጠረ ምት ይሄዳል፤ ሽለላ ግን ምት አይቆጠርለትም፤ ሸላዩ ሲፈልግ ያዘገማል፣ ሲፈልግ ይንደረደራል። መላው እንዲህ ነበር፦ ጊታሮቹ አንዲት አጭር ዜማ ሳይለቁ ይደጋግማሉ፣ ድራሙም ይዞ ይቆያል፤ ሳክስፎኑ ከላያቸው እንዳሻው ይሸልላል። በውድማ ላይ በሬዎቹ በአንድ እርምጃ ሲዞሩ ነጂው ዜማውን እንደሚያስረዝመው ማለት ነው። የጊታሩን ሸካራነት የሚጠላ አድማጭ ይኖራል፤ ነገር ግን ሽለላ ራሱ የቁጣ ድምፅ እንጂ የማስተኛ ዜማ አይደለም፤ ለስላሳ አጃቢ ይበልጥ በጎዳው ነበር።

ጌታቸው ከማረፋቸው በፊት አንድ አልበም ለመጨመር ፈለጉ፤ ባንዱም አብሯቸው ሠርቶ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» ወጣ። አርቲስቱ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለቱም አልበሞች የወጡት በኔዘርላንድስ ነው።