ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገር እሽግ፦ የክላስ ላይብረሪ ምርጫና ቀላል የመልእክት መተግበሪያዎች

ከአዲስ አበባ ሲወጡ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መውጫ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ነዋሪዎቻቸው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ማለትም በሁለት ፊደል ይጻጻፋሉ። ብዙ ሰው መተግበሪያ የሚያገኘው በራሱ ዳታ አውርዶ ብቻ አይደለም፤ ከጓደኛው ስልክ በዜንደር ይቀበላል፣ ወይም ሞባይል ቤት ገብቶ ያስጭናል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ አንድ ነው፦ ለእነዚህ ከተሞች የሚሠራ የመልእክት መተግበሪያ ሲታሸግ ይህ ከእጅ ወደ እጅ የሚደረግ ስርጭት ከመጀመሪያው ታስቦበት መሆን አለበት።

ከመልእክቱ እንነሣ። አንድ ኤስኤምኤስ 140 ባይት ይይዛል። በላቲን ፊደል ለሚጻፍ አፋን ኦሮሞ ይህ 160 ሆሄ ነው፤ በግዕዝ ፊደል ለሚጻፍ አማርኛ ግን 70 ብቻ። ልዩነቱ በዚህ ቢያበቃ የታወቀ ነገር ነበር። ነገር ግን የስልኩ ኪቦርድ በአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ የሚገባውን ቀጥ ያለ የ«ሁዻ» (አፖስትሮፍ) ምልክት በጠማማው ከተካው፣ ጠማማው ምልክት በመደበኛው የኤስኤምኤስ ሰንጠረዥ ውስጥ ስለሌለ ሙሉው መልእክት ወደ 70 ሆሄ ይወርዳል። 150 ሆሄ ያለው የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ በአንዲት ምልክት ሰበብ የሦስት መልእክት ሂሳብ ያስከፍላል። ከመላኩ በፊት ጠማማውን በቀጥታው የምትተካ አንዲት ትንሽ ክላስ ይህን ታስቀራለች። ለእሽጉ ከሚመረጡት ክፍሎች ሁሉ እንዲህ ያለችው ክላስ መቅደም አለባት ብዬ አምናለሁ፤ ክብደት የላትም፣ የምታድነው ግን የተጠቃሚውን ገንዘብ ነው።

በዳታ ለሚላከው መልእክት ኤምኪውቲቲ ጥሩ መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል የተቀረጸ ፕሮቶኮል ሲሆን፣ ቋሚ ራስጌው ከ2 ባይት ይጀምራል። ለጃቫ የተዘጋጁ ደንበኛ ላይብረሪዎችም አሉት።

አስቸጋሪው ነገር ላይብረሪ መጨመር ቀላል መሆኑ ነው። አንዱ ሌላውን ይጎትታል፤ አንድ የአንድሮይድ ዴክስ ፋይል ደግሞ ከ65,536 በላይ ሜተዶችን መጥቀስ አይችልም። አር ኤይት የተባለው መሣሪያ የማይጠሩትን ክላሶች ቆርጦ ይጥላል፣ የቀሩትንም ስም ያሳጥራል። ጄሰን አንባቢው የመስኮችን ስም በሪፍሌክሽን የሚፈልግ ከሆነ ግን ስሙ ተቀይሮ ይጠብቀዋል። መተግበሪያው ይከፈታል፣ ስህተት አያሳይም፣ መልእክቱ ግን ባዶ ሆኖ ይታያል። በሙከራ ግንባታው ላይ መቁረጡ ብዙ ጊዜ ስለማይበራ ጉድለቱ የሚገኘው ሕዝብ እጅ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ያለ ሪፍሌክሽን የሚሠራ ላይብረሪ መምረጥ፣ የመጨረሻውን እሽግ ራሱንም በርካሽ ስልክ ላይ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ጉግል ፕሌይ ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ መተግበሪያዎች በአፕ በንድል መልክ እንዲቀርቡለት ይጠይቃል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ስልክ በፕሮሰሰሩ፣ በስክሪኑና በቋንቋው ልክ ቆራርጦ ይልካል። ለሚያወርደው ሰው በእርግጥ ይቀላል። ፋይሉ ወደ ሌላ ስልክ ሲሻገር ግን መሠረታዊው ኤፒኬ ብቻውን ከተቀዳ ወይ አይጫንም፣ ወይም ተጭኖ ሲከፈት ወዲያው ይዘጋል። ቋንቋውም እንዲሁ ነው። ስልኩ በእንግሊዝኛ የተስተካከለ ሰው በመተግበሪያው ውስጥ አፋን ኦሮሞ ቢመርጥ፣ የቋንቋው ክፍል አብሮ ስላልመጣ ጽሑፉ በነበረበት ይቀራል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በቋንቋ መቆራረጡን ማጥፋት፤ በተቻለ መጠን ለየፕሮሰሰሩ የተለየ ኮድ የማይፈልጉ ላይብረሪዎችን መያዝ፤ ከበንድሉ ጎን ለየትኛውም ስልክ የሚሆን አንድ ሙሉ ኤፒኬ ማውጣት። ይህ ኤፒኬ ፕሌይ ላይ ባለው ቁልፍ መፈረም አለበት፤ ፊርማው ከተለየ አንድሮይድ አዲሱን ቅጂ በአሮጌው ላይ አይጭንም።

ፊርማው የሚጠብቀው ግን ቀድሞ የጫነውን ሰው ነው። መተግበሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀበል ስልክ ፊርማውን የሚያመሳክርበት ነገር የለውም፤ የተመረዘ ቅጂም የሚገባው በዚህ በር ነው። ስለሆነም ገንቢው ሙሉውን ኤፒኬ በራሱ አድራሻ ማውጣትና ለሞባይል ቤቶቹ በቀጥታ ማድረስ አለበት፤ በየኮምፒዩተራቸው የተከማቸውንም አሮጌ ቅጂ በየጊዜው እንዲተኩት ማድረግ የስርጭቱ ሥራ አካል ነው።