ለበዓሉ የሰጡና ለሙያው የሰጡ

ባለፈው ዓመት አንድ የልመና ደብዳቤ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ልደታ አካባቢ በሚገኘው፣ ሁላችንም «ሕንፃ ኮሌጅ» እያልን በምንጠራው ትምህርት ቤት የተማርን፣ ዛሬ ፀጉራችን የሸበተ ጥቂት አርክቴክቶች፣ ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበትን ሰባኛ ዓመት አስታከን ለመሰባሰብ አሰብን። አንድ ራት፣ አንድ የንድፍ ኤግዚቢሽን፣ አንዲት የመታሰቢያ መጽሔት፤ ከዚህ ያለፈ ምኞት አልነበረንም። ሒሳቡ ሲሰላ ግን የጡረተኛ ኪስ የሚችለው ሆኖ አልተገኘም። «ለጋሾች እንፈልግ» ተባለ። «አንተ ብዕር ይቀናሃል» ተብሎም ደብዳቤው በእኔ ላይ ወደቀ።

በዓልን በመዋጮ ማክበር ነውር የለበትም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚል ሕዝብ ነን። ዕድሩም ጽዋውም በመዋጮ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ ባዶው ወረቀት ፊት ስቀመጥ አንድ ጥያቄ ያዘኝና አላስጽፍ አለኝ። ለመሆኑ ለዚህ ሙያ እስከ ዛሬ የሰጠው ማነው? የሰጠውስ ምንድን ነው?

ጥንት ለግንባታ የሚሰጠው ንጉሥ ነበር። የሠሪው ስም ግን አይነሣም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት እየጠረቡ እንደ ጨረሷቸው ይተረካል። ትውፊቱ ያማረ ነው፤ ግን የንጉሡን ስምና የመላእክቱን ድካም ሲያቆይልን መሮ የጨበጠውን ሰው ስም አላቆየልንም። በጎንደርም እንደዚሁ ነው። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተማይቱን ሲቆረቁሩ በግንባታው ከተሳተፉት መካከል የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች እንደነበሩበት የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። ነገሥታቱ እንዲህ ላለው ባለሙያ መሬትና ማዕረግ ይሰጡት ነበር፤ ጎረቤቱ ግን «ቡዳ ነው» ብሎ ይሸሸው ነበር። በእጁ የሚሠራ ሰው የሚናቅበት አገር ሠሪውን ከየት ያገኛል? በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገኘ። ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች መጡ። የአራዳ ጊዮርጊስን ካቴድራል ንድፍ ያወጣው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ፣ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በአገራችን የቀረ ጣሊያናዊ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ሲከበር አዲስ አበባ በአዳዲስ ሕንፃዎች አጌጠች። ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የምንለው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ለዚያ በዓል ተሠራ። ጣሊያኖች ለሲኒማ የጀመሩት ሕንፃም በፈረንሳዊው አርክቴክት በሄንሪ ሾሜት እጅ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ሆኖ ለበዓሉ ደረሰ። ከፊቱ የቆመው የድንጋይ አንበሳም የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። በዓሉ የእኛ፣ ገንዘቡ የእኛ፣ ንድፉ የሌላ ነበር።

የሚገርመው ግን ከዚያ ኢዮቤልዩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ያለ ብዙ ርችት ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፈተ። የእኛ ሕንፃ ኮሌጅ ማለት ይኸው ነው።

ስዊድን ለኢትዮጵያ እንግዳ አገር አልነበረችም። ሚሲዮናውያኗ ምጽዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት ያደራጁት የእርሷ መኮንኖች ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜም የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪሞች መልካ ዲዳ ላይ በፋሽስት አውሮፕላን ቦምብ ተደብድበው ደማቸውን አፍስሰዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1952 ስዊድን የቴክኒክ እርዳታ ኮሚቴ ስታቋቁም ቀድማ ከመረጠቻቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗ አያስደንቅም።

ስጦታው ምን ዓይነት እንደነበረ ልብ ማለት ይገባል። ስዊድኖቹ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሠርተው፣ ስማቸውን በእብነ በረድ ላይ ቀርጸው፣ ሪባን አስቆርጠው አልሄዱም። ተቋሙ ሦስት እጅ ነበረው፤ አንዱ ያስተምራል፣ አንዱ ይመራመራል፣ አንዱ የግንባታ ቁሳቁስ ይፈትሻል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስጦታው ማብቂያ ነበረው። የውጭ አገር መምህራን ቀስ በቀስ ቦታቸውን ለኢትዮጵያውያን እየለቀቁ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ኮሌጁ ከኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሆነ። ስዊድን ጽድቅ ብቻ ፍለጋ መጣች አልልም፤ ስምም ልምድም አግኝታበታለች። ግን ትታልን የሄደችው ሠሪ እጅ ነው። በኋላም ስዊድን በሰጠችው ገንዘብ በየገጠሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ የአካባቢው ሕዝብ ድርሻውን ያዋጣ ነበር። እዚያም ሃምሳው ሎሚ ነበረ ማለት ነው።

እኔ በኮሌጁ በር የገባሁት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሁሉም በላይ የማይረሳኝ የቁሳቁስ መፈተሻው ክፍል ነው። ከየግንባታው ቦታ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር በአሥራ አምስት የሆኑ የኮንክሪት ኩቦች ይመጣሉ። ኮንክሪት ከተሞላ 28 ቀን ሲሆነው ኩቡ በመጭመቂያው ማሽን ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ የመለኪያው እጅ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከዚያ ጧ! ይላል። የክፍሉ ሠራተኛ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ዝምተኛ ሰው፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። አንድ ቀን አንድ የሥራ ተቋራጭ «ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» ሲላቸው ሰማሁ። «ልጄ፣ ይህ ማሽን ሰው አያውቅም፤ እኔም አላውቅም» አሉት። የሙያ ሥነ ምግባር የሚባለውን ትምህርት የተማርኩት ያን ዕለት ነው።

እኛም በበኩላችን ሰጪ የነበርንበት ጊዜ እንዳለ መርሳት የለብንም። በጥር 1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በኢትዮጵያ ገንዘብ ተሠርቶ ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተበረከተ ስጦታ ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስተዋት ሥዕሉ ደግሞ የአፈወርቅ ተክሌ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2004 ዓ.ም.፣ አዲሱ የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ሲመረቅ ሰጪዋ ቻይና ነበረች፤ 200 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ 99.9 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ነው። ንድፉም ተቋራጩም ከቻይና መጡ። ስጦታው ትልቅ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ቁልፉን ተረክበን ስንገባ ያገኘነው ያለቀ ቤት ነው። ያለቀ ቤት ይለቀለቃል፣ ይጠገናል እንጂ ሌላ ቤት አይወልድም።

ይህን ሁሉ እያሰላሰልኩ ደብዳቤው ሳይጻፍ አንድ ለጋሽ ራሱ መጣ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ባለቤት ነው። «ኢንጂነር፣ ወጪው በሙሉ በእኔ ይሁን» አለኝ። «የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የሕንፃዬ ፎቶግራፍ በመጽሔቷ ሽፋን ላይ ይውጣልኝ።» አመስግኜው ተለያየን። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሕንፃው የቆመበትን ቦታ አውቀዋለሁና። ተማሪ ሳለሁ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሜትር ዘርግተን የለካነው፣ በጥርብ እንጨት ያጌጠ ሰገነት የነበረው አንድ የድሮ ቤት እዚያ ነበረ።

በማግስቱ ተሰብስበን ተከራከርን። አንዱ ወዳጄ «አርክቴክት መቼ ነው ያለ ባለገንዘብ የሠራው? ላሊበላስ ገንዘብ አልነበረውም?» አለ። እውነቱን ነው። ሌላው «ታዲያ የሙያውን በዓል ለማክበር የሙያውን መዝገብ ማስታወቂያ እናድርገው?» አለ። እርሱም እውነቱን ነው። በመጨረሻ «ስጦታውን በምስጋና እንቀበላለን፤ ሽፋኑን ግን አንሰጥም» የሚል መልስ ላክን። ሰውየው ቅር ሳይለው ተወው። ለእርሱ የንግድ ጉዳይ ነበር፤ እኛ ነበርን ያስጨነቅነው።

ዋጋ አስከፍሎናል። ራቱ ቀርቶ በድፎ ዳቦና በቡና ተሰባሰብን። መጽሔቷም አልታተመችም፤ አንድ አረጋዊ መምህራችን ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት የጻፉት ትዝታ እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። ባየሁት ቁጥር «ያን ፎቶግራፍ ብናወጣው ኖሮ ምን ይጎድልብን ነበር?» እላለሁ። መልሱን አንዳንድ ቀን አውቀዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይጠፋብኛል።

ኤግዚቢሽኑ ግን ሆነ። የዚያ የድሮ ቤት ንድፍ፣ ወረቀቱ እንደ ሻይ ቢጫ ሆኖ፣ ከግድግዳው ላይ ተሰቀለ። አንዲት ወጣት ተማሪ ፊቱ ቆማ ብዙ ቆየች። «ጋሼ፣ ይህ ቤት የት ነው?» አለችኝ። የት እንደነበረና ዛሬ ምን እንደ ቆመበት ነገርኳት። «የሠራውስ ማን ነበር?» አለች። ይህን መመለስ አልቻልኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ስንለካ ባለቤቶቹን ጠይቀን መጻፍ የነበረብንን አንድ ስም አልጻፍንም ነበር።

እንግዲህ ያ የልመና ደብዳቤ ዛሬም አልተጻፈም። ብጽፈው ግን ለራት አልለምንበትም፤ የራቱን ራሳችን እናዋጣ። የምለምነው የድሮ ንድፎች የሚቀመጡበት አንድ ደረቅ ክፍል፣ አንድ የተማሪ መማሪያ ወጪ፣ የግንበኛና የአናጺ ስም የሚሰፍርበት አንድ መዝገብ ነው። የሰጪውም ስም በዚያው መዝገብ፣ ከግንበኛው ስም ጎን፣ እኩል በሆነ ፊደል ይጻፍለታል። በዚህ የሚስማማ ለጋሽ ካለ ደብዳቤዬን ይህችው ትሁንልኝ።