የፉክስ ሕግና የዶርዜ ጉሮሮ

ግንቦት 1 ልደታ ማርያም ቅጥር ግቢ የቆመ ሰው ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ከአንድ አፍ የወጣ የሚመስል ዜማ ይሰማል። መሪና ተመሪ ቢቀባበሉ፣ ከበሮና ጸናጽል ቢደረብ፣ ዜማው ያው አንድ ነው። ሁለት ዜማ እኩል እየሄደ አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው የሚያስተምረው ካውንተርፖይንት ሌላ ትምህርት ነው። የኦስትሪያዊው ዮሐን ዮሴፍ ፉክስ መማሪያ «ግራዱስ አድ ፓርናሱም» ቪየና የታተመው እ.ኤ.አ. በ1725 ነው፤ 300 ዓመት ሞላው። ሃይድንና ቤትሆቨን ተምረውበታል።

የእኛ አገሩ ታሪክ ሲነገር ከ1916 ዓ.ም. ይጀመራል። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወላጅ አልባ አርመኖችን አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» በኬቮርክ ናልባንዲያን አስተማሪነት የነሐስ ባንድ ሆኑ። ቀጥሎ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን፣ ከዚያም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ መጡ። መደምደሚያውም «ከአርመኖቹ በፊት በአንድ ጊዜ ሁለት ዜማ አናውቅም ነበር» የሚል ነው።

ይህን የሚል ሰው ከአርባ ምንጭ በላይ ወዳለው የጋሞ ደጋ አልወጣም። ሽሮ ሜዳ ያሉትን የዶርዜ ሸማኔዎችም ጠርቶ አላዘፈናቸውም። ዶርዜዎች ሲዘፍኑ አንዱ የጀመረውን ሌላው አይደግመውም፤ የራሱን ይዞ ይገባል። ሦስተኛው ቃል የሌለው ጥሪ በላያቸው ይጥላል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀርጾታል። ኖታ አልነበረም እንጂ ነገሩስ ነበር።

አርመኖቹ ያመጡት የካውንተርፖይንቱን ሕግ ነው፤ ሕጉ ደግሞ በትዝታ ቅኝት ላይ ይሰናከላል። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ተማሪው ታችኛውን ድምፅ ሬ ላይ ያሳርፍ። ከሬ ሦስተኛዋ ፋ የለችም፣ ስድስተኛዋ ሲ የለችም፣ አራተኛዋን ሶል ፉክስ በሁለት ድምፅ አይወዳትም። የቀረችው አምስተኛዋ ላ ናት (ሬን ከራሷ ጋር ከመድገም በቀር)። ከዶና ከሶል ተነስቶ ወደ ሬና ላ ከወጣ ግን ሁለት አምስተኛ ተከታትሎ መጣ፤ ይህ በፉክስ ዘንድ ትልቁ ኃጢአት ነው፤ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆነዋልና። የማሳረጊያዋ መሪ ድምፅ ሲም ስለሌለች ዜማው እንደ ቪየናው አይዘጋም። ትዝታን በሁለት ድምፅ የሚጽፍ ሰው ወይ ቅኝቱን ያፈርሳል ወይ ፉክስን ያስቀይማል። እኔ ፉክስ ይቀየም ባይ ነኝ።

እንደ ሁለቱ ድምፆች ሁሉ፣ የአዲስ አበባ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮችም ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ልደታ ላይ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ወደ አውቶቡስ ተራ ይለያል። ፉክስ ቢሆን እስከ ልደታ ያለውን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘው ነበር።