ስለ ግዊድር ቤት የእልፍኝ ሳንቃ

ከጥንት ቤት የተነሣ የግድግዳ ሳንቃ በሌላ ቤት ቢተከል ተገቢ ነውን? ይህ ነገር ብዙ ሰዎችን ያከራክራል። እኔም ስለዚሁ ለመጻፍ የወደድኩት በብሪታንያ ደሴት ምዕራብ፣ በዌልስ አገር፣ ላንሩስት ከምትባል ከተማ አጠገብ የሚገኘውን የግዊድርን ቤት ታሪክ ምስክር አድርጌ ነው። ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ይህ ቤት በ1500 ገደማ ተሠርቶ፣ ዊን የሚባሉ መኳንንት ለብዙ ትውልድ ኖረውበታል። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1530ዎቹ በመንግሥቱ ያሉትን ገዳማት ዘግቶ ርስታቸውን በወሰደ ጊዜ፣ በአቅራቢያው የነበረው የማይናን ገዳም ፈረሰ፤ ከፍራሹም የተነሣው የሕንጻ ዕቃ ለግዊድር ቤት ማስፊያ ሆነ። የመነኮሳትን ጸሎት ያዳመጠ ግንብ ከዚያ በኋላ የመኳንንትን ግብር ሲያዳምጥ ኖረ። እንግዲህ ቤቱ ራሱ የሌላውን ልብስ የለበሰ ነበረና፣ በኋላ የደረሰበትን ስናነብ ይህን አንርሳ።

በ1640ዎቹ ገደማ የግብር አዳራሹ ግድግዳ የተቀረጸ ሳንቃ ለበሰ፤ ከሳንቃውም በላይ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ቁርበት ዞረበት። የዚያ ዘመን አናጢዎች ጥበብ እጅግ ያስደንቃል። ሳንቃውን በሙጫ አያጣብቁትም፤ በዙሪያው ባለው ክፈፍ ቦይ ቈፍረው ጠርዙን በቦዩ ውስጥ ያሳድሩታል እንጂ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይኰማተራል፤ ታስሮ የተያዘ እንደ ሆነ ግን ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የሚላወስበት ቦታ ይተዉለታል። የክፈፉንም አንዱን ጫፍ አቅጥነው በሌላው ቀዳዳ ካገቡ በኋላ በእንጨት ችንካር ያጸኑታል። ችንካሩ ሲወጣ ሥራው ሳይሰበር ይፈታል፤ ቍጥር እየተጻፈበት ቢቀመጥም ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ነበረ ይገጠማል። ቢሆንም በአዲስ ቦታ ሲተከል ጥንቃቄ ያሻዋል። አስቀድሞ የክፍሉን አየር እስኪለምድ ሊሰነብት፣ ከእርጥብ ግድግዳም ጋር ሳይጣበቅ በጀርባው ነፋስ ሊያልፍበት ይገባል፤ ይህን የናቀ ሰው ሦስት መቶ ዓመት የቈየውን በጥቂት ክረምት ያበሰብሰዋል።

ሥራው የሚፈታ መሆኑ ግን ለነጋዴም ተመቸ። በ1921 የግዊድር ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ፣ በጋዜጣ ሥራ የከበረው አሜሪካዊ ባለጸጋ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት የአዳራሹን ሳንቃ ገዛው። ይህ ሰው የአውሮፓን ጥንታዊ ቤቶች ጣሪያና ግድግዳ ሳይቀር ይሰበስብ ነበረ፤ የሚገዛው ግን ከሚተክለው ይበልጥ ነበርና፣ የግዊድር ሳንቃ ባሕር ተሻግሮ በኒውዮርክ መጋዘን በሣጥን እንደ ታሸገ ቀረ። ቤቱንም በ1922 እሳት አገኘው። ኸርስት በ1951 ከሞተ በኋላ፣ በ1956 ሳንቃው ለሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ደረሰ፤ እርሱም ቢሆን ከሣጥን አላወጣውም።

ኸርስትን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ገዢ የሚገዛው ሻጭ ሲኖር ነው። በእኔ አሳብ፣ ከወደቀ ቤት የተነሣ ሳንቃ ከምድጃ ድኖ ሌላ ቤት ቢያለብስ መልካም ነው፤ ቆሞ ያለውን ቤት መግፈፍ ግን ሕያውን ሰው ገፎ ልብሱን እንደ መሸጥ ነው። የማይናንም ነገር ከዚህ ወገን ነው፤ ዘመኑ ስለ ራቀ ብቻ ንጹሕ አይባልም። ለገዳሙ ግን የሚመልስ አልተነሣለትም።

ለግዊድር ተነሣለት። በ1994 ቤቱን ጐስቍሎ ሳለ የገዙት ባልና ሚስት የ1921ን የሐራጅ መዝገብ መርምረው ሳንቃው ያለበትን ደረሱበት፤ ከቤተ መዘክሩም ገዝተው በ1996 ወደ ዌልስ መለሱት። በየስፍራው ከተገጠመም በኋላ፣ ያን ጊዜ የዌልስ ልዑል የነበሩት፣ ኋላም የነገሡት ቻርልስ በ1998 መርቀው ከፈቱት። በዚያው በ1921 ሐራጅ ከዚያው ቤት ሌላ የበሉጥ ሳንቃ የለበሰ እልፍኝ ተሸጦ ነበረ፤ የግብር አዳራሹ ሲመለስ የዚያኛው ደብዛ ገና አልተገኘም ነበረ።